የኮክ ፍሬን ማሳሳት፤ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ለተተከሉ አጫጭር ዛፎች

በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የተተከሉ የኮክ ዛፎች ማፍራት ከጀመሩባቸው አጥቢያዎች በተደጋጋሚ የሚደርሰን አንድ ቅሬታ አለ። ዛፉ አበባው ያማረ፣ ፍሬውም ቅርንጫፉን እስኪሸፍን ድረስ የበዛ ሆኖ ሳለ፣ በሚደርስበት ጊዜ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ትንሽ፣ ሥጋው ስስ፣ ዘሩ ትልቅ፣ ጣዕሙም ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል። ወደ ገበያ ቢወጣ ገዢ አያገኝም። በክብረ በዓል ቀን ለጨረታ ቢቀርብ ምእመናን ስለ በረከቱ ብለው ይገዙታል እንጂ ስለ ፍሬው ጥራት አይደለም። አንዳንድ ጊዜም ገና ሳይደርስ ቅርንጫፉ ከነፍሬው ተሰንጥቆ ይወድቃል። የሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍሎች ለዚህ ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ የችግኙን ዝርያ፣ የአፈሩን መድከም ወይም የዝናቡን ማነስ ነው። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። በብዙ ቦታ የምናየው ምክንያት ግን ከእነዚህ ይልቅ ቀላል ነው፤ በዛፉ ላይ ፍሬ በዝቷል፣ የቀነሰለትም ሰው የለም።

ፍሬ ማሳሳት ማለት ዛፉ ከያዘው ለጋ ፍሬ ውስጥ አብላጫውን በጊዜው በእጅ አንሥቶ የቀረው በሚገባ እንዲያድግ ማድረግ ነው። ዘዴው በአንድ ጠዋት ሊለመድ የሚችል ነው። የሚከብደው ውሳኔው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሆነውን ያልደረሰ ፍሬ በእጁ ቀጥፎ ለመጣል የሚደፍር ሰው በቀላሉ አይገኝምና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዘዴውም ስለ ውሳኔውም እናነሣለን።

ዛፉ ፍሬውን የሚመግበው በምንድን ነው?

ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከሥር ከሚመጣው ውኃ ስኳርን የሚያዘጋጀው ቅጠል ነው። አንድ የኮክ ፍሬ በሚገባ አድጎ እንዲጣፍጥ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ ጤነኛ ቅጠሎች የሚያዘጋጁት ምግብ ያስፈልገዋል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ 40 ቅጠልና 8 ፍሬ ካለ፣ ለአንድ የተዘጋጀው ማዕድ ለስምንት ተካፍሏል ማለት ነው። ውኃና ፍግ መጨመር መልካም ቢሆንም ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ዛፉ ታዲያ ከአቅሙ በላይ የሚያብበው ለምንድን ነው? አበባ በውርጭ ይቃጠላል፣ በነፋስ ይረግፋል፣ በበረዶ ይመታል። ዛፉ ይህ ሁሉ እንደሚደርስበት ያህል አብዝቶ ያብባል። ወቅቱ የተመቸው እንደ ሆነ ግን አብዛኛው አበባ ፍሬ ይይዛል። የኮክ ዛፍ ሙሉ ምርት ለመስጠት ከአበባዎቹ ከአሥሩ አንዱ ያህል፣ ወይም ከዚያ ያነሰው ፍሬ ቢሆን ይበቃዋል። ከዚህም ጋር መታሰብ ያለበት፣ ለዛፉ ፍሬ ማለት ዘሩን የሚሸከምለት ዕቃ መሆኑ ነው። ሦስት መቶ ጥቃቅን ፍሬ ሦስት መቶ ዘር ነውና ዛፉ አልከሰረም። ለጣዕሙና ለሥጋው የምንፈልገው እኛ ነን። ስለዚህ «ዛፉ ራሱ ያውቃል፤ የማይችለውን ራሱ ያራግፋል» የሚለው አስተያየት ከፊል እውነት ብቻ አለው። ኮክ ጥቂት ለጋ ፍሬዎችን በራሱ ያረግፋል፤ የሚያረግፈው ግን ለሰው ማዕድና ለገበያ የሚያስፈልገውን ያህል አይደለም።

የፍሬው አስተዳደግም መታወቅ አለበት። ኮክ በሦስት እርምጃ ያድጋል። አበባው ከረገፈ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ፈጥኖ ያድጋል፤ የሥጋው መሠረት የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ መጠኑ የቆመ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የዘሩ ቅርፊት እየጠነከረ እንደ እንጨት ይሆናል። በመጨረሻም ከመድረሱ በፊት ባሉት ሳምንታት እንደ ገና ይፋፋል። የተትረፈረፈው ፍሬ ሁሉ ዘሩን እስኪያጠነክር ድረስ በዛፉ ላይ ከቆየ፣ ዛፉ ኃይሉን ሰው ለማይበላው ነገር ከፍሎ ጨርሷል። የማሳሳት ሥራ ሁሉ ከዘሩ መጠንከር በፊት ይሁን የሚባለው ስለዚህ ነው።

በቀላል ቁጥር እንመልከተው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ አጭር ዛፍ 300 ፍሬ ያዘ እንበል። ሁሉም ቢተውና እያንዳንዱ 40 ግራም ቢመዝን 12 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ 220 ያህሉን በጊዜው አንሥተን 80 ብቻ ብንተውና እያንዳንዱ 120 ግራም ቢደርስ 9 ኪሎ ከ600 ግራም እናገኛለን። በሚዛን 2 ኪሎ ከ400 ግራም ቀንሷል። ይህን ለምእመናን መደበቅ አይገባም፤ ማሳሳት ጠቅላላውን ክብደት ይቀንሳል። ነገር ግን የአንዱ ዘር ክብደት 6 ግራም ቢሆን፣ ካልተነካው ዛፍ 1 ኪሎ ከ800 ግራም የሚጣል ዘር ይወጣል፤ ከተሳሳው 480 ግራም ብቻ። በሚበላው ሥጋ በኩል ያለው ልዩነት ወደ 1 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። በገበያ ደግሞ የመጀመሪያው ዛፍ ፍሬ በቁና ተለክቶ በርካሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሁለተኛው ፍሬ እየተመረጠ የሚሸጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛን የሚያሳስበን የሚቀጥለው ዓመት ነው። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው። የዘንድሮ ፍሬ የዛፉን ምግብ ጠቅልሎ ከወሰደው አዲሱ ቀንበጥ ይቀጭጫል፤ በላዩም የሚያድረው እምቡጥ ደካማ ይሆናል። ብዙ አጥቢያዎች ከፍሬ ብዛት የተነሣ የጎበጠውን ቅርንጫፍ በባላ ይደግፉታል። ባላው ቅርንጫፉን ከመሰንጠቅ ያድነው ይሆናል፤ የከርሞውን ቀንበጥ ግን አይመግበውም። በአንድ ዛፍ ሥር ሦስትና አራት ባላ ቆሞ ስናይ፣ ዛፉ እንደ ተመረቀ ሳይሆን እንደ ተጨነቀ አድርገን ብንረዳው ይሻላል።

የአጭር ዛፍ ልዩ ጠባይ

አጫጭር የኮክ ዛፎች በሁለት መንገድ ይገኛሉ። አንዱ በተፈጥሮው ድንክ የሆነ ዝርያ ነው፤ በቀንበጡ ላይ በአንዱና በሌላው ቅጠል መካከል ያለው ርቀት እጅግ አጭር በመሆኑ ዛፉ አድጎም ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ሌላው መደበኛ ዝርያ ሆኖ በየዓመቱ በሚደረግለት ገረዛ ዝቅ ተደርጎ የተያዘ ነው። ለጠባብ ዐጸድ፣ የመቃብር ቦታና የአብነት ትምህርት ቤት ጎጆዎች ለሚጋሩት ግቢ ሁለቱም ተስማሚ ናቸው። መሰላል አያስፈልግም፤ አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ዛፉን ሁሉ በእጁ ይደርስበታል።

ዛፉ ያጥራል እንጂ ፍሬው አያጥርም። ድንኩ ዛፍ የሚሸከመው ፍሬ መጠኑ እንደ ትልቁ ዛፍ ፍሬ ነው፤ የሚሸከምበት ግንድና ሥር ግን ያነሰ ነው። በተፈጥሮው ድንክ በሆነው ላይ እምቡጦቹ ተጠጋግተው ስለሚወጡ ፍሬዎቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ረጃጅሞቹ ቅጠሎችም ስለሚሸፍኗቸው ከሩቅ ሲታይ ዛፉ ብዙ ፍሬ የያዘ አይመስልም፤ በእጅ ገለጥ ሲደረግ ነው ብዛቱ የሚታወቀው። የተነካኩ ፍሬዎች መካከል ያለው እርጥበት አይደርቅም። አንዱ በሻጋታ መበስበስ የጀመረ እንደ ሆነም ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት በአጭር ዛፍ ላይ ማሳሳት ከመጠን ባሻገር የጤንነት ጉዳይም ነው።

ጊዜው

የውጭ አገር መጻሕፍት ሥራውን አበባው ካበበ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ እንዲሠራ ያዝዛሉ። ይህ ብርዳማ ክረምት ባላቸው አገሮች ትክክል ነው። ኮክ ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ካላረፈ እምቡጦቹ በአንድነት አይነቁም። በእኛ ደጋማ አካባቢዎች ብርዱ በቂና ተከታታይ ስላልሆነ አበባው ለብዙ ሳምንታት ተንዛዝቶ ይወጣል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ለጋና ከዚያ የተለቀ ፍሬ አብረው ይታያሉ። ስለዚህ የወሩን ስም ለሁሉም አጥቢያ መወሰን አይቻልም። መጠኑን መመልከት ይገባል፤ አብዛኛው ፍሬ ልጆች የሚጫወቱበትን ትልቅ ብይ ሲያህል፣ ማለትም ውፍረቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሥራው ይጀመራል። ከዚያም በዐሥር በዐሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመልሶ ኋላ የመጡትን ማንሣት ያስፈልጋል።

የቀኑን አያያዝ አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል። በ12፣ በ21፣ በ27ና በ29 ከሚከበሩት ወርኃዊ በዓላት ጋር የአጥቢያው ታቦት በዓል ሲጨመር፣ «በሚቀጥለው ሳምንት እንሠራዋለን» የተባለው ሥራ በቀላሉ ወር ያልፈዋል። ሦስቱን ቀናት አስቀድሞ ቆርጦ መመዝገብ ይሻላል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ የደረቀውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ነፍሳት የወጋውንና ሁለት ሆኖ የተጣበቀውን ፍሬ ማንሣት ነው። ይህ ማንንም አያከራክርም፤ እጅንም ያለማምዳል። ቀጥሎ ከእርሳስ የቀጠኑ ቀንበጦች ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ ይነሣል። እነዚህ ቀንበጦች መልካም ፍሬ ለማሳደግ አቅም የላቸውም። የእርሳስ ውፍረት ባላቸውና ፀሐይ በሚያገኙት ላይ ግን የተሻለው ፍሬ እየተመረጠ ይቀራል። ከተጎራበቱ ሁለት ፍሬዎች የሚቀረው ትልቁ ነው፤ ትንሹን ይቅርታ አድርጎ መተው ኋላ ይደርሳል በሚል ተስፋ ነው፣ አይደርስም። እኩል ከሆኑ አጠገቡ ቅጠል ያለው ይቀራል።

ርቀቱን ለመለካት ሜትር አያስፈልግም። በአንዱና በሌላው ፍሬ መካከል ሁለት ጋት፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ቅርንጫፉ ደከም ያለ ከሆነ አንድ ስንዝር ይተዉለት። በድንኩ ዝርያ ላይ በቅጠል ቍጥር መለካት ያሳስታል፤ ቅጠሎቹ ተጠጋግተው ስለሚበቅሉ በእጅ መለካት ይሻላል። ከላይና ከውጭ በኩል፣ ብርሃን በሚበዛበት ጥቂት ጨምሮ መተው፣ ከታችና ከውስጥ በጥላው በኩል አጥብቆ መቀነስ ይገባል።

ፍሬውን መጎተት ቀንበጡን ይልጠዋል። በአንድ እጅ ቀንበጡን ይዞ፣ በሌላው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ፍሬውን ጠምዘዝ ማድረግ ይበቃል። መቀስ ከተጠቀሙ ጫፉ የሚቀረውን ፍሬ እንዳይወጋው ያስፈልጋል። ለአንድ አጭር ዛፍ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ለፖም በትልልቅ እርሻዎች በመድኃኒት ርጭት የማሳሳት ልማድ ቢኖርም፣ ለኮክ እስከ ዛሬ አስተማማኙ መሣሪያ የሰው እጅ ነው፤ በሺህ የሚቈጠሩ ዛፎች ያሏቸው የውጭ አገር አምራቾችም ሠራተኛ ቀጥረው በእጅ ያስለቅማሉ።

የተነሣው ፍሬ በዛፉ ሥር ተበትኖ እንዳይቀር። የተወጋና የበሰበሰ ካለበት ግማሽ ሜትር ያህል በሚጠልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ አለዚያ የፍራፍሬ ዝንብ ይራባበታል። ለከብት በብዛት መስጠትም አይመከርም፤ የኮክ ዘር ውስጠኛው ፍሬ በሆድ ውስጥ ወደ መርዝነት የሚለወጥ ነገር አለበት። የአብነት ተማሪዎችም ጥሬውን እየለቀሙ እንዳይበሉ መንገር ደግ ነው፤ ሆዳቸውን ያማቸዋል።

ዛፉ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያሳየውን ፍሬ ሁሉ ማንሣት እንመክራለን። ሥሩና ግንዱ የሚመሠረቱበት ጊዜ ነውና። በሦስተኛው ዓመት እንደ ዛፉ ጥንካሬ 15 ወይም 20 ፍሬ መተው በቂ ነው።

ውሳኔውን ማን ይወስን?

በየአጥቢያው ይህን ስናስረዳ ካህናትም ምእመናንም ከሚያነሡት ጥያቄ ከባዱ «እግዚአብሔር የሰጠውን ፍሬ እንዴት እንጥላለን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከአክብሮት የመነጨ ስለሆነ በፌዝ ሊታለፍ አይገባውም። አንዳንድ አባቶች ለመልስ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን ይጠቅሳሉ። እርሱ ግን የሚናገረው ስለ ወይን ቅርንጫፍ ገረዛ ነው እንጂ ፍሬን ስለ መቀነስ አይደለም፤ ሁለቱ ሥራዎች በእርሻም የተለያዩ ናቸው። ከእርሱ ይልቅ ለነገሩ የሚቀርበው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ያለው ሥርዐት ነው። በዚያ የአዲስ ተክል ፍሬ ለሦስት ዓመት እንዳልተገረዘ ተቈጥሮ እንዳይበላ፣ የአራተኛው ዓመት ፍሬም ለእግዚአብሔር ምስጋና የተቀደሰ እንዲሆን ታዝዟል። በቋንቋችንም ገረዛ የሚለው ቃል ለሰውም ለዛፍም ማገልገሉ ያስደንቃል። ሥርዐቱ የግብርና ትምህርት ለመስጠት የተጻፈ ነው አንልም። ነገር ግን ዛፍ የሰጠውን ፍሬ ሁሉ አለመውሰድ ከአምልኮ ጋር የሚጋጭ ሥራ አለመሆኑን ለማስረዳት ይበቃል። በኩራት አድርጎ ለሚያቀርብ ምእመንም ሆነ ለአጥቢያ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባው ያማረው ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ችግር የኀላፊነት ነው። የዐጸዱን ተክል የሚጠብቀው ሰው ብቻውን 200 ለጋ ፍሬ አራግፎ ቢገኝ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ሁሉ የታቦቱን ንብረት አጠፋ ይለዋል። ይህን ስለሚያውቅ አይነካውም፤ እኛም አንፈርድበትም። ስለዚህ ነገሩ በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ተነሥቶ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ እናሳስባለን። የሚጻፈው ረጅም መሆን የለበትም፤ የዛፎቹ ቍጥር፣ ሥራው የሚሠራባቸው ሦስት ቀናት፣ የሚሠራው ሰው ስም፣ በአንድ ዛፍ የሚቀረው ፍሬ ግምትና የተነሣው ፍሬ የሚቀበርበት ቦታ ይበቃል። ለአንድ በሚገባ ለጠነከረ አጭር ዛፍ ከ60 እስከ 80 ፍሬ መነሻ ይሁን፤ ከዓመቱ ውጤት በኋላ ሊስተካከል ይችላል። በዕለቱ አስተዳዳሪው ወይም ቄሰ ገበዙ በቦታው ቢገኙ፣ የመጀመሪያውንም ፍሬ በእጃቸው ቢያነሡ የብዙ ሰው ጥርጥር ይቀልላል።

ሐሳቡን ያልተቀበሉ የኮሚቴ አባላት ካሉ በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ አንድ ዛፍ ሳይነካ ይተውላቸው። በዐጸዱ ያለው አንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ክር አስሮ መተው ይቻላል፤ ምንም እንኳ ቅርንጫፎቹ ምግብ ስለሚካፈሉ ንጽጽሩ እንደ ሁለት ዛፍ የጠራ ባይሆንም። በለቀማው ቀን የሁለቱም ፍሬ ይቈጠር፣ ይመዘን፣ የተሸጠበትም ዋጋ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይመዝገብ።

ፖም ያላቸው አጥቢያዎች በአንድ ነገር ይለያሉ። ፖም በአንድ እምቡጥ አምስት ወይም ስድስት አበባ በዘለላ ስለሚያወጣ ከየዘለላው አንድ ፍሬ ብቻ መተው ይገባል፤ ሥራውም ከኮክ ይልቅ ሊፈጥን ይገባዋል። በለጋው ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር የከርሞውን አበባ እንዳይፈጠር ስለሚከለክል፣ ያልተሳሳ የፖም ዛፍ አንድ ዓመት እጅግ አብዝቶ በሚቀጥለው ባዶውን ሊቆም ይችላል።

ዘንድሮ ጊዜው ያለፈባቸው አጥቢያዎች ይኖራሉ። ለማወቅ አንድ ፍሬ ወስዶ በቢላዋ መሐል ለመሐል መቍረጥ ነው። ቢላዋው ዘሩን ያለ ችግር ከቈረጠው ገና ጊዜ አለ፤ ሥራው በዚያው ሳምንት ይሠራ። ቢላዋው ከዘሩ ላይ ሲደርስ ከቆመ ግን ቅርፊቱ ጠንክሯል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ፍሬ የቀረውን በመጠን ብዙ አያሳድገውም። ቢሆንም እጅግ በጎበጡት ቅርንጫፎች ላይ ግማሽ ያህሉን ማንሣት ቅርንጫፉን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ የቀረው ሸክምም እስኪለቀም ድረስ ባላው ይቁምለት።